ምክሩ ለማን ይበጃል?
በሥራ ቦታ በነፃ ስለሚሰጥ የገንዘብ ምክርና ስለ ገለልተኛነቱ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ በመጀመሪያ የጠየቀኝ «ስለ ሠራተኛ ጥቅማ ጥቅሞች» በጠቅላላው እንድናገር ነበር። ርእሱ ሰፊ ከመሆኑም በላይ ስለ ጤና መድንና ስለ ዓመት ፈቃድ እናንተ ከእኔ የበለጠ የምታውቁ በመሆናችሁ፣ ኮሚቴውን አስፈቅጄ ነገሩን ወደ አንዲት ጠባብ ነጥብ አወረድሁት። ይኸውም አንድ አሠሪ መሥሪያ ቤት «ለሠራተኞቼ በነፃ ያቀረብሁት ጥቅም ነው» ብሎ የሚያመጣው የገንዘብ አማካሪ፣ በእውነት ለሠራተኛው የቆመ መሆን አለመሆኑ በምን ይታወቃል? የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን የመረጥሁት የሒሳብ ሰው ስለ ሆንሁ ብቻ አይደለም። በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ አጥፍቻለሁ፤ ጥፋቴንም በቦታው እነግራችኋለሁ።

አብዛኞቻችን ኑሯችንም ሥራችንም በአሜሪካ በመሆኑ የማነሣቸው ሕጎችና ድርጊቶች በብዛት የዚሁ አገር ናቸው። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ያህል ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። በ1963 ስቱድቤከር የተባለው የመኪና ኩባንያ በኢንዲያና ግዛት በሳውዝ ቤንድ ከተማ የነበረውን ፋብሪካ በዘጋ ጊዜ፣ የጡረታው ካዝና ለሁሉ የሚበቃ ባለመሆኑ፣ ዕድሜያቸው ገና ለጡረታ ያልደረሰ ብዙ ሺህ ሠራተኞች ከሚገባቸው ገንዘብ ጥቂቱን ብቻ አገኙ፤ ጭራሹን ባዶ እጃቸውን የቀሩም ነበሩ። ይህ ድርጊት ያስነሣው ክርክር ከብዙ ዓመት በኋላ ፍሬ አፍርቶ በ1974 «ኤሪሳ» በሚል አጭር ስም የሚጠራው የሠራተኞች የጡረታ ዋስትና ሕግ ወጣ። የሕጉ ዋና ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሌላውን ሰው ገንዘብ የሚያስተዳድር ባለአደራ ነው፤ ባለአደራም የሚሠራው ለገንዘቡ ባለቤት ጥቅም ብቻ መሆን አለበት የሚል ነው።

ሆኖም ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1978 በወጣው የግብር ሕግ ውስጥ የገባች አንዲት ንኡስ ክፍል፣ ዛሬ «ፎር ኦ ዋን ኬ» እያልን የምንጠራት፣ የነገሩን መልክ ቀስ በቀስ ለወጠችው። ቀድሞ ኩባንያው ለሠራተኛው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የጡረታ አበል ለመክፈል ቃል ይገባ ነበር፤ ገንዘቡ የት ይዋል ብሎ የሚጨነቀውም ኩባንያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በብዙ መሥሪያ ቤት ቃል ኪዳኑ ቀረና ሠራተኛው በራሱ ስም ሒሳብ ተከፈተለት፤ ጭንቀቱም አብሮ ተላለፈለት። የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ሃያና ሠላሳ ዓይነት ፈንድ የተዘረዘረበት ወረቀት ይሰጣትና «ምረጪ» ትባላለች። ለሠራተኛ ምክር የሚሸጥበት ሰፊ ገበያ የተፈጠረው ከዚህ ነው።

«አሠሪው ራሱ ለምን አይመክርም?» የሚል ይኖር ይሆናል። የኤንሮን ሠራተኞች የዚህን መልስ በሚገባ ያውቁታል። ያ ኩባንያ በታኅሣሥ 2001 በወደቀ ጊዜ፣ በሠራተኞቹ የጡረታ ሒሳብ ውስጥ ከነበረው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የኩባንያው የራሱ አክሲዮን ነበር። ሊቀ መንበሩ ኬኔት ሌይ ውድቀቱ ሊመጣ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው እንኳ አክሲዮኑ ርካሽ መሆኑን ለሠራተኞቹ ይነግራቸው ነበር። ስለዚህ አሠሪው መምከሩን ትቶ አማካሪ ከውጭ ማምጣቱ በራሱ መልካም ነገር ነው። ጥያቄው የመጣው ሰው ከየት መጣ፣ ማንስ ይከፍለዋል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልግባ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል የሒሳብ ክፍል ስሠራ የጡረታ ዕቅድ ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመርጬ ነበር። የሠራተኞችን ሒሳብ የሚይዝልን ድርጅት «ያለ ምንም ክፍያ አማካሪ እንመድብላችኋለን» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ኮሚቴው ደስ እያለው ተቀበለ፤ እኔም ከሌሎቹ ጋር እጄን አወጣሁ። አማካሪው በየወሩ ሁለት ቀን ከሠራተኞች ምግብ ቤት አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ ያነጋግር ጀመር። ትዕግሥተኛ፣ ጠባየ መልካም፣ የሰው ስም የማይረሳ ሰው ነበር። «እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ኮሚሽን አልቀበልም» ይል ነበር። እኔም ይህንኑ ቃሉን ሳላመነታ ወስጄ ለወገኖቼ በአማርኛ አስተጋባሁት።

ከነዚህ መካከል በዚያ ሆስፒታል ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ፣ ሁላችንም «ሲስተር» እያልን የምናከብራቸው አንዲት እኅታችን ነበሩ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ያህል ቀርቷቸው ነበር። ገንዘባቸው በአብዛኛው ዋናው በማይነካበትና ረጋ ያለ ወለድ በሚያስገኝ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጧል። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ተኩል በማለፉ ከሥራ ሳይለቁም ገንዘቡን ወደ ውጭ ማዛወር በዕቅዳችን ይፈቀድላቸው ነበር። አማካሪው «ገንዘብዎ ተኝቷል፤ ቢሠራ አይሻልም?» አላቸው። እርሳቸውም የኔን ምስክርነት አስበው ፈረሙ። ከገንዘቡ ገሚሱ ያው ድርጅት በዓመት አንድ በመቶ ያህል እየወሰደ ወደሚያስተዳድረው ሒሳብ ሄደ፤ ገሚሱ ደግሞ አንዩቲ በሚባለው የመድን ውል ውስጥ ገባ። ይህ ውል ሰባት ዓመት ሳይሞላው የሚያወጣ ሰው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሚያወጣው ላይ ሰባት በመቶ፣ ከዚያም በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሰ ቅጣት የሚከፍልበት ነበር።

በዓመቱ በአገር ቤት ያሉ ወንድማቸው ታመሙና ለሕክምና ገንዘብ ማውጣት አስፈለጋቸው። ቅጣቱን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ወንድሜ፣ ሰውየው ከዚህ ምን እንደሚያገኝ አንተ ጠይቀኸው ነበር?» ብቻ አሉኝ።

አልጠየቅሁትም ነበር።

በዚያው ሰሞን መጠየቅ ጀመርሁ። አማካሪው ደመወዝተኛ መሆኑ እውነት ነበር። ኮሚሽን አለመቀበሉም ቃል በቃል ሲታይ እውነት ነበር። ግን በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠው ጉርሻ የሚሰላው ከሠራተኞች የጡረታ ዕቅድ አውጥቶ ወደ ድርጅቱ ሌሎች ሒሳቦች ባዛወረው የገንዘብ መጠን ነበር። ይህን ያገኘሁት ከሐሜት ወይም ከምርመራ አይደለም። ድርጅቱ ራሱ ለኮሚቴያችን ከላከው መግለጫ ውስጥ፣ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈ አንቀጽ ነው። ሰነዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በሙያዬ የሌሎችን ሰነድ እየመረመርሁ የምተዳደር ሰው፣ የገዛ ባልደረቦቼን ገንዘብ የሚመለከተውን ሰነድ ሳልከፍተው ዓመት አልፎታል።

እንግዲህ ከዚህ የተማርሁት የመጀመሪያው ነገር፣ «ነፃ» እና «ኮሚሽን የለውም» የሚሉት ቃላት ስለ ገለልተኛነት ምንም የማይናገሩ መሆናቸውን ነው። «ነፃ» የሚለው ቃል የሚነግረን ተጠቃሚው ዛሬ ከኪሱ የማይከፍል መሆኑን ብቻ ነው። ከፋዩ ግን ሁልጊዜ አለ። ከፋዩ አሠሪው ከሆነና የሚከፍለውም በነፍስ ወከፍ የተወሰነ ዋጋ ከሆነ፣ አማካሪው ሠራተኛው ይህን ቢያደርግ ያን ቢያደርግ የሚያገኘው አይለወጥም። ከፋዩ ሒሳቡን የሚይዘው ድርጅት ከሆነ ግን ያ ድርጅት ወጪውን የሚመልስበትን መንገድ ሳያስብ ሰው አይልክም። ሦስተኛም አለ፤ በግልጽ ማንም የማይከፍለው፣ የዕለት እንጀራውን ከሚሸጠው የሚያወጣ። እንዲህ ያለው ሰው ወደ መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ «የገንዘብ ትምህርት» ሊሰጥ የሚገባው በሳንድዊችና በነፃ ቦርሳ ታጅቦ ነው።

በአገራችን ልማድ ደላላና ሽማግሌ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ቤት ሲሸጥ ደላላው ከሻጭም ከገዢም እንደሚቀበል ሕፃን እንኳ ያውቃል። ደላላው የሚናገረውን ሰው የሚሰማው ይህን እያወቀ፣ ከቃሉ ላይ ጥቂት እየቀነሰ ነው፤ ስለዚህ ብዙ የሚታለል የለም። ሽማግሌ ግን ከአንዱ ወገን ብር ተቀብሎ ቢገኝ ሽምግልናው ያን ጊዜውኑ ይፈርሳል። በሥራ ቦታ የሚሰጠው ምክር አስቸጋሪ የሚሆነው ደላላው በሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለምናገኘው ነው። ወንበሩን የሰጠው ደግሞ የምናምነው አሠሪያችን ነው። የሆስፒታሉ ዓርማ በበሩ ላይ ተለጥፎ እያለ፣ ሲስተር በዚያ ክፍል ውስጥ ከሻጭ ጋር መቀመጣቸውን በምን ሊያውቁ ይችላሉ?

«ሕግ የለም ወይ?» ለሚለው፣ ሕግ አለ፤ ግን ቀዳዳው ብዙ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ1975 ባወጣው ደንብ መሠረት አንድ መካሪ በኤሪሳ ባለአደራ የሚባለው አምስት ሁኔታዎች በአንድነት ሲሟሉ ሲሆን፣ ከነዚህ አንዱ ምክሩ በየጊዜው የሚሰጥ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን በሙሉ ሊያዛውር ሲል የሚሰማው ምክር፣ ማለትም ከሁሉም የከበደው፣ «በየጊዜው» ስላልሆነ በብዙ ሁኔታ ከደንቡ ያመልጥ ነበር። በ2016 ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የወጣውን ደንብ የአምስተኛው ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2018 ሻረው። በ2024 እንደገና የወጣውንም በቴክሳስ የሚገኙ ፍርድ ቤቶች፣ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አገዱት። ከዚህ ሌላ መሥሪያ ቤቱ በ1996 በሰጠው ማብራሪያ «ትምህርት» እና «ምክር» ተለይተዋል፤ ስለ ቁጠባና ስለ ፈንድ ዓይነቶች በጠቅላላው ማስተማር የባለአደራነት ግዴታ አያስከትልም። በአዳራሽ ያስተማረን ሰው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በክፍሉ ውስጥ ለብቻችን ሲያነጋግረን በየትኛው ባርኔጣ እንደሚናገር ሳይነግረን ያልፋል።

የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ተቆጣጣሪው ኮሚሽንም በበኩሉ፣ ከሰኔ 30 ቀን 2020 ጀምሮ ሻጮች ለተራው ደንበኛ ሲመክሩ የደንበኛውን ጥቅም እንዲያስቀድሙ ደንግጓል። ይህ ከቀድሞው የተሻለ ነው። ሆኖም ድንጋጌው ሻጩን ሻጭነቱን አያስተወውም።

በሥራ ቦታ የሚሰጥ ምክር እንዴት ሊጣመም እንደሚችል ከኔ ታሪክ በላይ የሚያሳዩ፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሠፈሩ ሁለት ጉዳዮችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የቲያ ጉዳይ ነው። ቲያ ከመቶ ዓመት በፊት ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ተብሎ የተቋቋመና በዩኒቨርሲቲዎችና በሆስፒታሎች ዘንድ ትልቅ ከበሬታ ያለው ድርጅት ነው፤ በዚህ አዳራሽም ሒሳባችሁ በዚያ የሆነ ሳትኖሩ አትቀሩም። በሐምሌ 2021 የዚህ ድርጅት አንድ ክፍል ከኮሚሽኑና ከኒውዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ ለቀረበበት ክስ 97 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የክሱ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ ከ2013 እስከ 2018 መጀመሪያ ድረስ አማካሪዎቹ ገለልተኞችና ኮሚሽን የማይቀበሉ ተብለው ለደንበኞች ሲቀርቡ፣ በውስጥ ግን ደንበኛው ገንዘቡን ከመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ አውጥቶ ዋጋው ከፍ ወዳለ የሚተዳደር ሒሳብ እንዲያዛውር ለማድረግ በጉርሻ ይበረታቱ፣ በአለቆቻቸውም ይገፉ ነበር የሚል ነው። እኔ ይህን ዜና ባነበብሁ ጊዜ የዚያች ትንሽ ክፍል በር ፊቴ ላይ ተደቀነ። የሆስፒታላችን አማካሪ የሌላ ድርጅት ሰው ነበር፤ አሠራሩ ግን ምን ያህል የተለመደ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከአማካሪው ይልቅ አስተዋዋቂውን የሚመለከት በመሆኑ ለእኛ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። በሐምሌ 2020 ቫሊክ የተባለው አማካሪ ድርጅት በሁለት ጉዳዮች በድምሩ 40 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ከኮሚሽኑ ጋር ተስማማ። እንደ ሁልጊዜው ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም ነው። ከሁለቱ አንደኛው በፍሎሪዳ ስለሚገኙ መምህራን ነበር። የድርጅቱ እናት ኩባንያ በመምህራን ማኅበራት ባለቤትነት ሥር ላለ የንግድ ድርጅት ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ያም የማኅበራቱ ድርጅት አማካሪውን ለመምህራኑ ያስተዋውቅ፣ ያመሰግን ነበር። መምህራኑ ግን ይህን ክፍያ አያውቁም። «ማኅበራችን መርጦልናል» ብለው አመኑ። አስተውሉ፤ አማካሪው በቀጥታ አንድም ቃል ሳይዋሽ፣ ምክሩም ለአንዳንዱ መምህር ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ገለልተኛነቱ የተበላሸው ገና መምህሩ ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ነው።

ከዚህ ላይ በሙያ ባልደረቦቼ ዘንድ ሳይቀር የሚሰማ አንድ አስተሳሰብ ልቃወም። «ኮሚሽን የሚቀበለውን ትተን በመቶኛ የሚከፈለውን ብንይዝ ከአድልዎ እንድናለን» ይባላል። በእንግሊዝ አገር ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ በኢንቨስትመንት ምክር ላይ ኮሚሽን መቀበል ተከልክሏል፤ ክልከላውም ብዙ መጥፎ ነገር አስቀርቷል። ነገር ግን በዚያው አገር በ2017 የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች የጡረታ መብት ሲደራጅ፣ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጉ የብሪቲሽ ስቲል ሠራተኞች አስተማማኝ አበላቸውን ለቀው ገንዘባቸውን ወደ ግል ሒሳብ አዛወሩ። ተቆጣጣሪው ክፍል በኋላ ሲመረምር ከተመለከተው ምክር ግማሽ ያህሉ ለሠራተኛው የማይስማማ ሆኖ ተገኘ። ኮሚሽን አልነበረም። ነገር ግን ብዙዎቹ አማካሪዎች ክፍያ የሚያገኙት ሠራተኛው «እሺ» ብሎ ካዛወረ ብቻ ነበር፤ «ባለህበት ቆይ» ያለ አማካሪ በባዶ እጁ ይመለሳል። እንዲህ ያለው አከፋፈል በጥቅምት 2020 ተከለከለ።

በመቶኛ የሚከፈለውም አማካሪ ዝንባሌ አለው። በየዓመቱ ከሚያስተዳድረው ገንዘብ አንድ በመቶ የሚወስድ ሰው ገንዘቡ በእጁ እንዲቆይና እንዲበዛ ይፈልጋል። ይህ በአንድ በኩል ከባለቤቱ ፍላጎት ጋር ይስማማል። ነገር ግን «የክሬዲት ካርድ ዕዳህን በቅድሚያ ክፈል»፣ «የቤትህን ዕዳ ጨርስ»፣ «ገንዘብህን ርካሽ በሆነው የመሥሪያ ቤትህ ዕቅድ ውስጥ ተወው» የሚሉት ምክሮች የእርሱን ገቢ የሚቀንሱ ናቸው። አንድ በመቶ ትንሽ ይመስላል። 200,000 ዶላር በዓመት 6 በመቶ እያደገ 20 ዓመት ቢቀመጥ 641,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። አንድ በመቶው ለአማካሪ ሄዶ ዕድገቱ 5 በመቶ ቢሆን ግን የሚደርሰው ወደ 531,000 ዶላር ነው። ልዩነቱ 110,000 ዶላር ነው። ይህን ያህል የሚያወጣ ምክር ሊኖር ይችላል፤ ግን «ነፃ» ሊባል አይችልም።

እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፌ የደረስሁበት መመዘኛ አንድ ነው። ይህ ሰው ምንም የማያገኝበትን ምክር ሊሰጠኝ ይችላልን? ሰጥቶስ ያውቃልን? ስለዚህ አማካሪን ስጠይቅ «ገለልተኛ ነዎት ወይ?» አልልም፤ አይደለሁም የሚል ሰው አይገኝምና። የምጠይቀው «ባለፈው ዓመት ከእኛ መሥሪያ ቤት ካነጋገሯቸው ሰዎች ስንቱን ‹ገንዘብህን ካለበት አትንካ› ብለው መለሱ?» ብዬ ነው። ቁጥር የሚሰጥ አለ፤ በጥያቄው የሚገረም አለ፤ የሚቆጣም አለ። ከዚያ ቀጥሎ «በዚህ ምክር ላይ በኤሪሳ መሠረት ባለአደራ ነዎት? ከሆኑ በጽሑፍ ይስጡኝ» እላለሁ። በቃል «አዎን» ብሎ በጽሑፍ ሲጠየቅ «ከሕግ ክፍላችን ጋር ልማከር» የሚል ሰው መልሱን ሰጥቷል።

የሚነበብም ወረቀት አለ። አማካሪም ሆነ ሻጭ ለተራው ደንበኛ ሊሰጠው የሚገባ አጭር የግንኙነት መግለጫ አለ፤ ርዝመቱ ከሁለት ገጽ፣ ሁለቱንም ሥራ ለሚሠራ ድርጅት ከአራት ገጽ አይበልጥም። አማካሪ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ለኮሚሽኑ ያስገባው ረዘም ያለ መግለጫ በሕዝብ መዝገብ ላይ ይገኛል። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ክፍል 5ን፣ ክፍል 10ንና ክፍል 14ን ያንብብ። አምስተኛው ስለ ክፍያ፣ አሥረኛው ከሌሎች የገንዘብ ድርጅቶች ጋር ስላለው ዝምድና፣ አሥራ አራተኛው ደንበኛ ላመጣለት ሰው ስለሚከፍለው ነው። ዘጠነኛውም የቅጣት ታሪክ ነው፤ እርሱን ማንም ሳይነገረው ያነበዋል። እኔ በመሳቢያዬ ዘግቼ ያቆየሁት የዚህ ዓይነቱን ነበር።

ይህን ያህል ስናገር፣ በሥራ ቦታ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ይቅር ማለቴ አይደለም። ያ የሆስፒታላችን አማካሪ እንኳ፣ አሠሪው የሚጨምረውን ድርሻ ለማግኘት የሚበቃ ቁጠባ ሳይቆጥቡ የኖሩ ብዙ የጽዳትና የወጥ ቤት ሠራተኞችን አስጀምሯል። ከዚህ ያገኘው ጥቂት ነበር፤ እነርሱ ያገኙት ግን ብዙ ነው። ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ ይዋሻል ማለት አይቻልም፤ ገለልተኛ የሆነ ሁሉም አዋቂ አይደለም። በሰዓት ተከፍሎት የሚመክር ከማንም ጋር ያልተሳሰረ ባለሙያ አግኝቶ የሚከፍለው ስንት የጽዳት ሠራተኛ ነው? የኔ ሐሳብ ምክሩ ከየትኛው ላይ እንደሚጠቅምና ከየትኛው ላይ እንደሚያዳላ ለይተን እንወቅ ነው። «ስንት ልቆጥብ?» ሲባል ማንኛውም አማካሪ ሊጠየቅ ይችላል። «ገንዘቤን ከዚህ ወዴት ልውሰድ?» ሲባል ግን ከመውሰዱ የሚያተርፈው ሰው መጠየቅ የለበትም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ቅር እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። በማኅበረሰባችን ውስጥ «የወገን ልጅ» የሚለው ቃል ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል። አማርኛ የሚናገር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ የምናየው፣ በለቅሶና በሠርግ የማይቀር ሰው የሕይወት መድን ሲሸጥልን፣ «ስንት ታገኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ሲስተርም ያመኑት አማካሪውን ሳይሆን የኔን አማርኛ ነበር። የማኅበራችንም ዓመታዊ ጉባኤ ከዚህ ነፃ አይደለም። በዚህ አዳራሽ መግቢያ ላይ ስትገቡ ያያችኋቸው ጠረጴዛዎች የቦታ ኪራይ የከፈሉ ናቸው። ገንዘቡ ለወጣቶች የትምህርት ድጎማ መዋሉን አውቃለሁ፤ ገንዘብ ያዡ ጓደኛዬ ነው፤ ሒሳቡም ንጹሕ ነው። ነገር ግን አባላቱ የሚያዩት ኪራዩን ሳይሆን የማኅበሩን ስም ነው። የፍሎሪዳ መምህራን ያዩትም ይህንኑ ነበር።

በአገር ቤት ላሉት ባልደረቦቻችንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2021 ወጥቶ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም በጥር 2025 ተከፍቷል። የኢንቨስትመንት አማካሪነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ሆኗል። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው አክሲዮን ግዙ የሚሉበት ልማድ ደግሞ ከገበያው በፊትም የነበረ ነው። እዚህ አገር ኤንሮን የደረሰበትን ለማስተማር ከእነርሱ ጋር ደብዳቤ ልንጻጻፍ እንችላለን፤ እነርሱም ስለ አዲሱ ደንብ ሊያስተምሩን ይችላሉ።

የሲስተርን ጉዳይ ልጨርስ። ለድርጅቱ በጽሑፍ አቤቱታ አቀረብን፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የቅጣቱን ገሚስ መለሱላቸው። የተቀረው ቀረ። ወንድማቸው በዚያው ዓመት አረፉ። ገንዘቡ በጊዜው ቢደርስ ይድኑ ነበር ወይ የሚለውን እርሳቸውም አላነሡም፤ እኔም አልደፈርሁም። ኮሚቴያችን ውሉን አፍርሶ አሠሪው በነፍስ ወከፍ የሚከፍለው፣ ምንም የማይሸጥ ሌላ ድርጅት ቀጠረ። ወጪው ከመሥሪያ ቤቱ በጀት ወጣ፤ ይህን ለማስፈቀድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። ዛሬ ከዚያ ሆስፒታል ወጥቻለሁ፤ ሲስተርም ጡረታ ወጥተዋል። በበዓል ቀን ስንደዋወል ስለ ጤናና ስለ ልጆች እንጫወታለን።

ከዚህ በመነሣት ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ነገ ጠዋት በሚደረገው የሥራ ስብሰባ ላይ ድምፅ እንዲሰጥባቸው ጽፌ ለዋና ጸሐፊው ሰጥቻለሁ። አንደኛው፣ ለአባላት የገንዘብ ወይም የመድን ውል ከሚሸጥ ማንኛውም ሰው ማኅበሩ የሚቀበለው ገንዘብ፣ የቦታ ኪራይም ቢሆን፣ መጠኑ በዚሁ መጽሔት ላይ በስም እየተዘረዘረ እንዲታተም ነው። ሁለተኛው፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ በጡረታ ዕቅድ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ አባላት የአማካሪውን መግለጫ ቅጂ ወደ ማኅበሩ የሒሳብ ባለሙያዎች ንኡስ ኮሚቴ እንድትልኩና እኛም ያለ ክፍያ አንብበን ያገኘነውን በአማርኛ ጽፈን እንድንመልስላችሁ ነው። እኛስ ከዚህ ምን እናገኛለን ብሎ የሚጠይቅ አባል ካለ፣ ጥያቄው ተገቢ ነውና በስብሰባው ላይ ያንሣው። እኔ በበኩሌ በአሁኑ ጊዜ ከማንም የገንዘብ ድርጅት ደመወዝም ሆነ ኮሚሽን የማልቀበል መሆኔን፣ ነገር ግን የጡረታ ሒሳቤ ከላይ ስማቸውን ከጠራኋቸው ድርጅቶች በአንዱ ዘንድ የሚገኝ መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።